ሐውልቱ ጋር ጠብቁኝ

አዲስ አበባ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በትምህርት ልውውጥ ፕሮግራም 14 ተማሪዎች ይዤ ለ10 ቀን ሮም ሄጄ ነበር። ቦሌ ላይ አንድ እናት እጄን ያዝ አድርገው "መምህር፣ አደራ" አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ልጃቸው 16 ዓመቱ ነው። ዝምተኛና የታዘዘውን በትክክል የሚፈጽም ልጅ ነው።

በሦስተኛው ቀን መሀል ከተማውን በእግር ዞርን። የምታስጎበኘን የተቀበለን ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ነበረች። ጠዋት የተሰባሰብነው ፒያሳ ዴላ ሚኔርቫ ላይ ነው። እዚያ በርኒኒ የነደፈው አንድ የድንጋይ ዝሆን አለ። ጀርባው ላይ ከግብፅ የመጣ፣ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ሐውልት ተሸክሟል። እዚያ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1667 ነው። ልጆቹ ዝሆኑን በጣም ወደዱት፤ እኔም ታሪኩን ቆም ብዬ ነገርኳቸው።

ከዚያ ወደ ፓንቴዎን ገባን። ይህ ሕንፃ 1,900 ዓመት ገደማ አስቆጥሯል። የጉልላቱ ስፋት 43 ሜትር ያልፋል። ኮንክሪት ነው፤ ውስጡ ግን ብረት የለበትም። በዚህ ዓይነት አሠራር እስከ ዛሬ የሚበልጠው ጉልላት አልተሠራም። አናቱ ላይ ክብ ክፍት ቦታ አለ። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው እዚያው ወለሉ ላይ ይወርድና በትንንሽ ቀዳዳዎች ይሰርጋል። ልጆቹ አንጋጠው ቀሩ። እኔም ለዓመታት ከመጽሐፍ ያስተማርኩትን በዓይኔ ሳይ ልቤ ሞላ።

ስህተቴን የሠራሁት እዚያ ውስጥ ቆሜ ነው። የአንድ ሰዓት ነፃ ጊዜ ሰጠኋቸው። በአገራችን ሰዓት እንዳይምታታባቸው "በስልካችሁ 3 ሰዓት ሲል" ብዬ ደጋግሜ ነገርኳቸው። ቦታውን ግን በአንድ ቃል አለፍኩት። "ሐውልቱ ጋር ጠብቁኝ። ከዚያ ንቅንቅ እንዳትሉ።"

በ3 ሰዓት ፓንቴዎን ፊት ለፊት፣ ፏፏቴው ላይ የቆመው ሐውልት ጋር 13 ልጆች ነበሩ። ያ ልጅ የለም።

አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ስልኩ የሚሠራው ዋይፋይ ሲያገኝ ብቻ ነው። ተመልሼ ፓንቴዎን ውስጥ ገባሁ፤ የለም። ፒያሳ ናቮናም ሐውልት አለ ብዬ ሮጥኩ፤ የለም። ሞንቴቺቶሪዮም ሐውልት አለ፤ እዚያም የለም። በየመንገዱ የእናቱ "አደራ" ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። አደራ የበላ ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን።

ላብ አጥምቆኝ ስመለስ መምህርቷ አልተቆጣችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ "ምን ብለህ ነበር የነገርካቸው? ቃል በቃል ንገረኝ።" ነገርኳት። "ሐውልቱ የትኛው?" አለችኝ።

የትኛው? አማርኛችን የአክሱሙንም፣ የምኒልክንም፣ የየካቲት 12ንም ሐውልት ነው የሚለው። አዲስ አበባ ላይ "ፒያሳ ሐውልቱ ጋር" ብል ብዙ ሰው ምኒልክ ጋር ይመጣል፤ እዚያም ቢሆን አቡነ ጴጥሮስ ቅርብ ናቸው። ሮም ውስጥ ግን እያንዳንዱ አደባባይ ፒያሳ ነው። ከጥንት የቀሩት ባለ ሹል ጫፍ የድንጋይ ሐውልቶች ብቻ 13 ናቸው። እኔ በዚያች ሰዓት በልቤ ይዤ የነበረው ፏፏቴው ላይ ያለውን ነው። ልጁ ደግሞ ጠዋት ቆሜ ታሪኩን የነገርኩትን ያዘ። የእሱ አረዳድ ከእኔ ንግግር ይሻል ነበር።

ፓንቴዎንን ዞረን ወደ ጀርባው ሄድን። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዝሆኑ ሥር ቦርሳውን አቅፎ ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ አለ።

"ቲቸር፣ ሐውልቱ ጋር ነበርኩ እኮ። ንቅንቅ አላልኩም።"

40 ደቂቃ ብቻውን ጠብቋል። አቅፌው ይቅርታ ጠየቅኩት። ከዚያ በሁሉም ፊት ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ፤ ጓደኞቹ እሱ የጠፋ መስሏቸው መተረብ ጀምረው ነበርና። ማታ እናቱ ጋ ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ቀጥለው የጠየቁኝ "በላ?" ብለው ነው።

በዚያው ምሽት መምህርቷ የራሷን አሠራር አሳየችኝ። የመገናኛ ቦታውን ሁሌም እቦታው ላይ ቆማ ነው የምትናገረው፤ ርቃ ሆና አትናገርም። ልጆቹ እዚያው ፎቶ ያነሱታል። ከዚያ ከመካከላቸው አንዱ የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ ይነግራታል። "ገባችሁ?" ብላ አትጠይቅም፤ ልጅ ሁሌ "አዎ" ስለሚል። የአደባባዩ ስምና ስልክ ቁጥሯ ያለበት ካርድ ኪሳቸው ይገባል። ሁለት ሁለት እንጂ ብቻውን የሚሄድ የለም። እኔ 15 ዓመት ክፍል ውስጥ "ገባችሁ?" ስል ኖሬያለሁ።

በቀሩት ቀናት በጠዋት ተነስቼ የዕለቱን መንገድ ቀድሜ ብቻዬን እሄድበት ጀመር። ፖርታ ካፔናንም እንዲሁ ቀድሜ አየሁት። የአክሱም ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ተወስዶ እስኪመለስ የቆመው እዚያ፣ ዛሬ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ባለበት ሕንፃ ፊት ነው። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ተተክሏል። ቦታው ላይ መኪና ብቻ ነው የሚያልፈው። ልጆቹን ስወስዳቸው ግን የት ጋ እንደማቆማቸው አውቅ ነበር። 24 ሜትሩን በዓይናቸው ወደ ላይ ለኩ።

የመጨረሻው ቀን ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ዋልን። እዚያ በዶጋሊ ለወደቁት የኢጣሊያ ወታደሮች የቆመ ሐውልት አለ። ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. ድል ያደረጓቸው ናቸው፤ የጣቢያው አደባባይም "የአምስት መቶዎቹ" ይባላል። ዛሬ ለገሃር ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳም በወረራው ጊዜ ተወስዶ የቆመው በዚሁ ሐውልት ሥር ነበር። አናቱ ላይ ያለው ድንጋይ የግብፁ ራምሴስ ዳግማዊ ነው። ከመሬት ተቆፍሮ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1883 ሚኔርቫ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ እንደሆነ ስነግራቸው ያ ልጅ ቀና አለ።

"ቲቸር፣ እኔ የጠበቅኩበት ሰፈር?"

"እዚያው" አልኩት።

ሐውልቱን ዞሮ ዞሮ አየው። የወደቁትን ወታደሮች ስም አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። ለስጦታ መግዣ ግማሽ ሰዓት ስሰጣቸው የት እንደምንገናኝ እንዲነግረኝ የጠየቅኩት እሱን ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ "የዶጋሊው ሐውልት ጋር፣ ስሞቹ በተጻፉበት በኩል፣ በስልካችን 5 ሰዓት" አለ። ጓደኞቹ ፎቶ አነሱ። እኔም አነሳሁ።