ዋስትና ተፈቅዶለት የታሰረ ሰው

ፍኖተ ሰላም፣ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። የዋስትና ክርክር ሲነሳ ሁሉም «ይፈቀድ፣ ይከልከል» ላይ ይቆማል። እኔ ዘንድ የሚመጡት ሰዎች መከራ ግን ከተፈቀደ በኋላ ነው የሚጀምረው።

ሰኔ ላይ አንዲት እናት መጡ። ባላቸው በድንበር ጠብ ጎረቤት መትተዋል ተብለው ታስረዋል። ዳኛው ዋስትና አልከለከሉም፤ 30 ሺህ ብር አስይዘው ይውጡ አሉ። «እታለም፣ ብሩን የሚያስቀንስ ነገር ጻፊልኝ» አሉኝ። ጻፍኩ። መልሱን ግን አልጠበቁም፤ አንዱን በሬ ገበያ አወጡት። የቸገረው ሻጭ መሆናቸውን ነጋዴው ወዲያው አወቀ፤ በርካሽ ወሰደው። ባልየው ወጡ፣ ጥማዱ ፈረሰ። አንድ አንድ በሬ አጣምረው በመቀናጆ እንዳያርሱ፣ ባለ በሬው ጎረቤት ከሳሻቸው ነው። መሬቱን እንዳይሸጡ፣ መሬት አይሸጥም። ገንዘቡ ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለሳል፤ በሬ ግን ያን ጊዜ በዚያ ብር ይገኛል?

የሰው ዋስ ሲፈቀድም የመንግሥት ደመወዝተኛ አምጣ ይባላል። ዘመዱ ሁሉ ገበሬ የሆነ ሰው ከየት ያምጣ?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 በዋስ መፈታትን መብት አድርጎታል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት አንቀጽ 69 ደግሞ ዳኛ የዋስትናውን መጠን ሲወስን የተከሳሹንና የዋሶቹን አቅም እንዲያይ ያዛል። ያ ሳይታይ የተቆረጠ ብር ለድሃ ክልከላ ነው።

«የተለቀቀ ሰው ምስክር ያስፈራራል፣ ደም ይቃባል» የሚሉ አሉ። አላቃልለውም። የሟች ቤተሰብ ማመልከቻም የምጽፈው እኔው ነኝ፤ ፍርሃታቸውን አውቀዋለሁ። ለዚያ የዚሁ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 67 አለ፦ በቀጠሮው የማይቀርብ፣ ሌላ ወንጀል የሚሠራ፣ ምስክር የሚያባብል መስሎ ከታየው ዳኛው ይከልክል፤ ምክንያቱን ጽፎ ይከልክል። ተከሳሹም በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይበል። ገንዘብ ግን ቂመኛን ከምስኪን አይለይም። ባለ ሱቁ ቂመኛ በዕለቱ ከፍሎ ይወጣል፤ ሁለት ቃዳ መሬት ያለው ምስኪን እዚያው ያድራል።

ዳኛው «ስንት ቃዳ ታርሳለህ? ስንት በሬ አለህ? ስንት ልጅ ታበላለህ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱም መዝገብ ላይ ይስፈር። እኔ በምጽፈው የዋስትና ማመልከቻ ሁሉ ይህን በዝርዝር አስገባለሁ፣ አንቀጽ 69ንም እጠቅሳለሁ። በየወረዳው ያላችሁ ጠበቆችና ጸሐፊዎችም እንዲሁ አድርጉ፤ ይልቁንም በሰኔና በሐምሌ፣ እርሻው ሳያልፍ።