ከደሴ ወደ ዲያኒ፦ ነፋስና ጨረቃ ቆጥሮ መውጣት

የደሴ ሰው ባህር ሲባል ድሮ የሚያስበው አሰብን ነበር፤ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ። እኛ ለካይት ሰርፊንግ (ነፋስ በሚያበርረው የጨርቅ ክንፍ፣ በካይት፣ እየተጎተቱ በቦርድ ውኃ ላይ ለመንሸራተት) የመረጥነው ግን ደቡቡን፣ ከሞምባሳ በታች ያለውን የኬንያን ዲያኒ ነው። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ሞምባሳ በቀጥታ ይበርራል፣ ነፋሱም በዓመት ሁለት ጊዜ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ የካቲት መጨረሻ ይነፍሳል። ኩሲ የሚሉት የደቡብ ምሥራቁ ደግሞ ደሴ በጭጋግ በምትሸፈንበት ክረምት፣ ከሰኔ ጀምሮ ነው። ሚያዝያና ግንቦት የዝናብ ወር ስለሆነ እርሱት። ለጀማሪ ካስካዚን እመርጣለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚጠነክር ጠዋቱ ለትምህርትና ለዝግጅት ይተርፋል። ገናና ጥምቀትም በዚያው ውስጥ ስለሚውሉ ፈቃድ ለማግኘት ይመቻል።

ከነፋሱ ቀጥሎ የሚቆጠረው ጨረቃ ነው። ብዙ ሰው ትኬቱን ርካሽ ባገኘበት ቀን ይቆርጥና እዚያ ሲደርስ ባህሩ ሸሽቶ ድንጋይ ላይ ይቆማል። በዚያ ጠረፍ ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ በየቀኑም 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ስትወለድና ስትሞላ በሙላቱና በሽሽቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ3 ሜትር ያልፋል፤ ግማሽ ጨረቃ ላይ ግን በጣም ይቀንሳል። ወሎ ውስጥ ይህን ለማወቅ መተግበሪያ መፈለግ አያሻም፤ የሂጅራን ቀን የማይቆጥር ጎረቤት የለም። በወሩ 1 እና 2፣ እንዲሁም 15 እና 16 አካባቢ ውኃው በኃይል ይመላለሳል። ከረፋዱ 4 እና 5 ሰዓት ላይ ርቆ ይሸሽና ኮራሉ ይገለጣል፤ ከቀኑ 10 እና 11 ሰዓት ላይ ደግሞ አሸዋውን ውጦ ኮኮናቶቹ ሥር ይደርሳል፣ ካይት የሚነሣበት ቦታ ይጠባል። ስለዚህ በሂጅራ 5 ገብቶ በ12 መመለስ፣ ወይም ከ20 እስከ 27 መቆየት ለጀማሪ ይሻላል። የዚያ ጠረፍ ሰው ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ዓሣ አጥማጁ በስዋሂሊ «ሳ ንኔ» ካለ አራት ሰዓት ማለቱ ነው። የታተመው የሙላት ሰንጠረዥ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ሁለቱን ያምታታ ሰው ስድስት ሰዓት ይስታል።

ልምምዱ የሚጀመረው ወሎ ላይ ነው። ከ2 እስከ 3 ካሬ ሜትር የሆነች የመለማመጃ ካይት፣ አዝመራው ከተነሣ በኋላ፣ እንደ ቦሩ ሜዳ ባለ የኤሌክትሪክ መስመር በማያልፍበት ገላጣ ቦታ ላይ ትበቃለች። እዚህ ላይ ግን አንድ ማታለያ አለ። በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ያው ፍጥነት ያለው ነፋስ ዲያኒ ላይ ከሚጎትተው በሩብ ገደማ ያነሰ ይጎትታል። ደሴ ላይ 18 ኖት የሚሰጠውን ጉልበት ዲያኒ ላይ 16 ኖት ይሰጣል። አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። እጃችሁ እዚህ የለመደውን ኃይል ይዛችሁ እዚያ ትልቅ ካይት ብትጠይቁ ከመሬት ያነሣችኋል። የመነሻ ስሌቱ ይህ ነው፦ ክብደታችሁን በኪሎ በ2.2 አባዙና ለነፋሱ ኖት አካፍሉ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ16 ኖት ከ9 እስከ 10 ካሬ ሜትር ይበቃዋል። ጀማሪ ከዚያ ዝቅ ይበል።

ዋና የማይችል ሰው ይህን ጉዞ ያቆየው። ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳርና ዳሩን፣ ተንሳፋፊ ጃኬት ለብሶ፣ ዋናተኛ አጠገብ ሆኖ መለማመድ ይቻላል። ሐይቁ ቶሎ ስለሚጠልቅ ግን ካይት ይዞ መግባት አይገባም፤ ገመድ ቢተበተብ የሚያወጣ የነፍስ አድን ጀልባ የለም።

ከወረቀቱ የሚረሳው የቢጫ ወባ ካርድ ነው። ክትባቱ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት የተከተበ ሰው ካርዱ አይሠራለትም። ጠረፉ የወባ አገር ነውና የመከላከያ መድኃኒቱን ከሐኪም ጋር ተነጋገሩበት። ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘላችሁ ቆዳን ለፀሐይ እንደሚያጋልጥ እወቁ፤ ቀኑን ሙሉ ውኃ ላይ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከተመለሳችሁም በኋላ ለአራት ሳምንት ይወሰዳል።

ዕቃ በተመለከተ፣ ለመጀመሪያ ጉዞ ካይትም ቦርድም አትግዙ፤ እዚያ ይከራያል። የምትይዙት እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ሹራብ፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ የውኃ ጫማ፣ ገመድ ያለው የፀሐይ መነጽርና መታጠቂያ (ካይቱ ከሰው ጋር የሚያያዝበት ሰፊ ቀበቶ) ናቸው። መታጠቂያውን ቀድሞ ለክቶ ማግኘት ከተቻለ ነው፤ የላላ መታጠቂያ ወደ ብብት ተንሸራቶ ጎድን ይልጣል። ቆሎውንና በሶውን በፌስታል አትቋጥሩ፤ ኬንያ ፌስታልን በፈረንጅ ከ2017 ጀምሮ ከልክላለች። የጨርቅ ከረጢት ይበቃል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ በአውሮፕላን፣ ወይም 400 ኪሎ ሜትሩን በአውቶቡስ፣ አዲስ አበባ መግባት ነው። የራሱን ቦርድ የያዘ ሰው በአገር ውስጡ በረራ የሚፈቀደውን ኪሎና የሻንጣ ርዝመት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ አውሮፕላኑ ትንሽ ነው። ከሞምባሳ ወደ ዲያኒ በሊኮኒ ጀልባ ይሻገራል፣ ወይም በዶንጎ ኩንዱ መንገድ ይዞራል። ሻንጣ የበዛበት ሰው ሁለተኛውን ይምረጥ። ካይት የሚበረው ከዲያኒ ደቡብ፣ ጋሉ ላይ ነው።

ባህሩን ስታዩ ካስካዚ ከግራ፣ ኩሲ ከቀኝ ይመጣል፤ ሁለቱም ወደ ዳር ገፋ ያደርጋሉ። ይህ ጥሩም ክፉም ነው፦ ወደ ውቅያኖስ አይወስዳችሁም፣ ወደ ኮኮናቱ ግን ይወስዳችኋል። ስለዚህ ካይት የሚነሣው በባህሩ በኩል ሆኖ ነው እንጂ በዛፉ በኩል አይደለም።

አብዛኛው አደጋ የሚጀምረው ገና አሸዋው ላይ ነው። የካይቱ የፊት ቱቦ በደንብ መነፋት አለበት፤ በጣት ሲመታ እንደ ከበሮ ካልጮኸ አልሞላም፣ አየር ላይም መሃሉ ይታጠፋል። ከዚያ አራቱ ገመዶች፣ እያንዳንዳቸው ከ20 እስከ 24 ሜትር፣ ይዘረጋሉ። ከባሩ (በእጅ ይዘው ካይቱን ከሚመሩበት ዘንግ) ተነሥታችሁ በገመዶቹ መካከል ጣታችሁን እያስገባችሁ እስከ ካይቱ ተራመዱ፤ አንዱ በሌላው ላይ ካለፈ እጃችሁ ይይዘዋል። የባሩ ቀይ ጫፍ የግራ እጅ ነው። ተገልብጦ የተገጠመ ባር ያለው ካይት ወደ ግራ ሲሉት ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ሰውም ደንግጦ ይበልጥ ይስበዋል። መልቀቂያውን (በአደጋ ጊዜ የካይቱን ጉልበት የሚያስለቅቀውን ማያያዣ) ካይቱ ከመነሣቱ በፊት ሦስት ጊዜ ፈትታችሁ መልሳችሁ ግጠሙት፤ ዓይን ሳያይ እጅ እስኪያገኘው ድረስ።

ውኃ ውስጥ ከተቸገራችሁ ባሩን ልቀቁ እንጂ አትሳቡ። መሳብ ኃይል መጨመር ነው፤ የአዲስ ሰው እጅ ግን ሲፈራ ይጨብጣል። በእግራችሁ ስትቆሙ የባህር ጃርትን አስቡ። ጥቁር እሾሁ ቆዳ ውስጥ ይሰበራል፤ እግር በሚቻል ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ በመቆንጠጫ ማውጣት ነው፣ ጠልቆ መገጣጠሚያ አጠገብ ከገባ ግን ክሊኒክ። ቦርድ ላይ ተነሥቶ ለመሄድ በጠቅላላው ከ9 እስከ 12 ሰዓት የሚፈጅ ትምህርት ያስፈልጋል፤ ነፋስ የሚቀርበትን ቀን ጨምሮ ከሰባት ቀን ያነሰ ጉዞ አይበቃም።

በመጨረሻው ቀን ከቀትር በፊት ውኃውን ጨርሱ። መታጠቂያውና ጫማው በንጹሕ ውኃ ታጥበው፣ በጥላ ሥር ደርቀው ይግቡ፤ እርጥብ ዕቃ ሚዛን ላይ ኪሎ ይጨምራል፣ ጨውም መልቀቂያውን ያደርቀዋል።