ቻርቴ ለምን ሁልጊዜ «ሰላም ነው» ይለኝ ነበር

ኮንትሮል ቻርት (የአንድ ሥራ ውጤት በጊዜ ቅደም ተከተል የሚታይበት ግራፍ) ልማር ብዬ ስነሳ ሁለት ሳምንት ይበቃኛል ብዬ ነበር። ይኸው ስምንተኛ ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት ግን ሲያሞኘኝ የከረመ ነገር ስለተፈታልኝ፣ ሆስፒታል ውስጥ ጥራት ላይ ለምትሠሩ ላካፍላችሁ።

ጅማሬው ብዙ አያስቸግርም። ዋልተር ሸዋርት እ.ኤ.አ. በ1924 ለፋብሪካ ምርት ያወጣው ሐሳብ ነው፤ መሀል ላይ አማካይ፣ ከላይና ከታች ወሰን። በወሰኖቹ መካከል ወጣ ገባ የሚለው የሥራው የራሱ ጠባይ ነው፣ አልፎ የወጣው ግን ምክንያቱ ይፈለጋል። ይህን ሳላውቅ አንድ ወር የሕመምተኞች ወረፋ ረዘመ ተብሎ የሌሊት ተረኞችን ሰብስበን ተቆጣን። በቀጣዩ ወር አጠረ፣ «ቁጣው ሠራ» አልን። በኋላ ቻርቱን ስሠራው ሁለቱም ነጥቦች ወሰን ውስጥ ናቸው። ተረኞቹን ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ እስካሁን አልጠየቅሁም።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። የእኔ ቻርት ምንም ቢፈጠር ነጥብ ከወሰን አይወጣም ነበር። ወረፋው በዓይን እየታየ ረዝሞ እንኳ ቻርቱ «ሰላም ነው» ይላል፤ እኔም ያንኑ ይዤ ስብሰባ ላይ አቀርባለሁ። ለልምምድ የፈጠርኳቸውን ቁጥሮች ላሳያችሁ። አንድ ሕመምተኛ ተመዝግቦ ሐኪም ፊት እስኪቀርብ የሚጠብቀው ደቂቃ፣ ለ12 ሳምንታት የየሳምንቱ አማካይ እንዲህ ነው እንበል፦ 40፣ 43፣ 41፣ 44፣ 42፣ 42፣ 60፣ 62፣ 59፣ 61፣ 60፣ 58። ሰባተኛው ሳምንት ላይ አንድ ነገር እንደተለወጠ ሕፃን ልጅም ያየዋል።

እኔ የማደርገው ኤክሴልን ስታንዳርድ ዲቪዬሽን (ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደተበታተኑ የሚለካውን) አስወጥቼ፣ በሦስት አባዝቼ፣ አማካዩ ላይ መደመርና ከአማካዩ መቀነስ ነበር። አማካዩ 51፣ ወሰኖቹ 22.5 እና 79.5 ይሆናሉ። አንድም ነጥብ አይወጣም! ለካ ለውጡ ራሱ ስሌቱ ውስጥ ገብቶ ወሰኑን አስፍቶታል። ሌባውን አጥር እንዲያጥር ማዘዝ በሉት።

መፍትሔው የጎረቤት ልዩነት ነው። እያንዳንዱን ቁጥር ከቀደመው ጋር ብቻ ታነጻጽራላችሁ፦ 3፣ 2፣ 3፣ 2፣ 0፣ 18፣ 2፣ 3፣ 2፣ 1፣ 2። አማካያቸው 3.45 ገደማ ነው። ለዚህ ዓይነት ቻርት በተወሰነው ቋሚ ቁጥር፣ በ2.66፣ ስታባዙት 9.2 ይሆናል፤ ወሰኖቹም 41.8 እና 60.2። አሁን 40 እና 41 ከታች፣ 61 እና 62 ከላይ አፈትልከው ወጡ። ዝላዩ፣ 18ቷ፣ ከ11 ልዩነቶች አንዷ ብቻ ስለሆነች ወሰኑን ብዙ ማስፋት አልቻለችም።

ነገሩ ልቤ ውስጥ የገባው ግን ቁጥሮቹን በብጣሽ ወረቀት ጽፌ ጠረጴዛ ላይ ስበውዛቸው ነው። ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ንቅንቅ አላለም፤ ቅደም ተከተልን አያውቅማ። የጎረቤት ልዩነቱ ግን ወዲያው ተለወጠ። እኛ ደግሞ የምንጠይቀው ስለ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ጀማሪ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቻርቶች በእጁ፣ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ይሥራ ባይ ነኝ። ሶፍትዌር የሚያምር ሥዕል ይሰጣችኋል፣ ወሰኑን ከየት እንዳመጣው ግን ካልጠየቃችሁት አይነግራችሁም። የማስጠንቀቂያ ሕጎችን (ነጥቦቹ እንዲህ ሲሆኑ ምክንያት ፈልጉ የሚሉትን) ሁሉ በአንዴ መደርደርም አልወድም፤ ሕግ በተጨመረ ቁጥር የሐሰት ጩኸት ይበዛል። ለእኔ ከወሰን የወጣ ነጥብና በአማካዩ አንድ ወገን የተሰለፉ ስምንት ነጥቦች ይበቁኛል። (ይህን እያልኩ ባለፈው ወር የሕጎቹን ሳጥኖች በሙሉ ምልክት አድርጌባቸው ነበር። ቻርቱ በቀይ ነጥብ ኩፍኝ የያዘው መሰለ።)

እስካሁን ያልተፈታልኝ የኢንፌክሽን ቻርት ነው። በወር ስቆጥር ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ እየሆነ ቻርቱ መሬት ላይ ተኛብኝ። ስለዚህ ከአንዱ ኢንፌክሽን እስከ ቀጣዩ ያሉትን ቀናት መቁጠር ጀመርኩ፤ ይሄ በጣም ይሻላል። ግን ያንኑ 2.66 ሳልቀይር ብጠቀምበት የታችኛው ወሰን ከዜሮ በታች 14 ቀን ወጣልኝ።