ከአዲስ አበባ እስከ ሀዋሳ፣ አዲሱን ቴፕ ስንፈትን

ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ጋሼን ከቤታቸው ይዤ ወደ ሀዋሳ ተነሳን። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ለብዙ ዓመት ካሴት ቤት ነበራቸው። የምንሄደው ዘመድ ጥየቃ ነው፣ የኔ ልብ ግን ቴፑ ላይ ነበር። በዚያው ሳምንት ነው ለአሮጌዋ ኮሮላዬ አዲስ ቴፕና አራት ስፒከር ያስገጠምኩት። የገጠመልኝ ልጅ አንድ የሚደልቅ ዘፈን ከፍቶ፣ ቤዙን እስከ ጥግ ጨምሮ፣ መስታወቱ እየተንቀጠቀጠ "እንዴት ነው?" አለኝ። ደረቴ ድረስ ተሰማኝ። ከፍዬ ወጣሁ።

ከቱሉ ዲምቱ ፈጣን መንገዱን እንደያዝን ያንኑ ዘፈን ከፈትኩላቸው። ጋሼ ትንሽ ሰሙና "ይሄን ዘፈን ከድሮም ታውቀዋለህ?" አሉኝ። ሱቁ ውስጥ ነው የሰማሁት አልኳቸው።

"ታዲያ የጎደለውን በምን ታውቃለህ? በቃልህ የያዝከውን ክፈትልኝ እንጂ።"

እውነታቸውን ነው። የማላውቀው ዘፈን ላይ ከበሮው እንዴት መምታት እንዳለበት በምን አውቃለሁ? ቤዙንም ትሬብሉንም ዜሮ ላይ መለስኩ፤ ልጁ የጨማመራቸውን ማሳመሪያዎች በሙሉ አጠፋሁ። ብሉቱዙን ትቼ ፍላሽ ሰካሁ። ፍላሹ ላይ ከሲዲ በ320 ኪሎቢት የቀዳኋቸው አሉኝ፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ከዘፈኑ የሚጣለው ድምፅ ያንሳል። ከየቦታው በ128 የተጫነ ሙዚቃ በስልክ ጆሮ ማዳመጫ ብዙም አያስታውቅም፣ ጥሩ ስፒከር ላይ ግን የከበሮው ሳህን ውሃ እንደነካው ምጣድ ሽሽሽ ይላል፤ ያኔ ስፒከሩን ነው የምትረግመው።

የማሕሙድ አሕመድን "ኧረ መላ መላ" ከፈትኩ። ይሄ ከዘፋኙ ይልቅ ቤዝ ጊታሩን እየተከተልኩ የማንጎራጉረው ዘፈን ነው። ቤዝ ጊታሩ የለም። ማለቴ አለ፣ ግን ከስቷል። የማሕሙድ ድምፅም ከፊት ለፊቴ መምጣት ሲገባው ግራና ቀኝ ተበትኖ የት ጋ እንዳለ አይታወቅም። መጀመሪያ መንገዱን ጠረጠርኩ፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የጎማው ጉምጉምታ ወፍራሙን ድምፅ መዋጡ የታወቀ ነው። ሞጆን አልፈን ባቱ ስንደርስ ሐይቁ ዳር አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ። ያው ነው።

ጋሼ ዓሣቸውን አስቀምጠው "አንድ የጥላሁን የሸክላ ዘፈን አድርግ፣ አሮጌውን" አሉ። ለምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ። ከድሮዎቹ ሸክላዎች ብዙዎቹ ሞኖ ናቸው፤ ከሁለቱም ስፒከር የሚወጣው አንድ ዓይነት ድምፅ ስለሆነ፣ ከሁለቱ መሐል ሆነህ ስትሰማ ዘፋኙ ፊት ለፊትህ መቆም አለበት። ከመሪው ተነስቼ በሁለቱ ወንበሮች መካከል አንገቴን አስገባሁ። ጥላሁን መሐል ላይ የለም። ከዚያ ባላንሱን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ አዞርኩት፣ የግራው ዝም አለ፤ እና ቤዙ ወፈረ! አንድ ስፒከር ብቻ ሲጫወት ከሁለቱ የበለጠ ቤዝ ካለ ነገሩ ግልጽ ነው። የአንደኛው ሽቦ ፕላስና ማይነሱ ተገለባብጧል። አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ወፍራሙ ድምፅ መሐል መንገድ ላይ ይጠፋፋል። ሱቅ ውስጥ ይሄ ያልታየኝ ቤዙ እስከ ጥግ ተጨምሮ ስለነበር ነው። አሁንም ያናድደኛል።

እዚያው ባቱ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አገኘን። የግራውን በር ሽፋን ፈታ፣ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየረ፣ መልሶ ገጠመ። 20 ደቂቃ አልፈጀም። ጥላሁን መሐል ላይ መጥቶ ቆመ። ጋሼ ምንም አላሉም፣ መስኮቱን ዘግተው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ለቀቅ አደረጉ።

ከባቱ በኋላ የያዝነው አሮጌውን መንገድ ነው፤ ከብት አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ቀስ ብለህ ትነዳለህ፣ ስለዚህ ለመስማት ይመቻል። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጂጂን አልበም አደረግኩ። ያዘጋጀው ቢል ላስዌል ራሱ ቤዝ ተጫዋች ስለሆነ ከታች ያለው ድምፅ ሰፊ ነው፤ ደካማ ስፒከር ላይ ጭቃ ሆኖ የጂጂን ድምፅ ይሸፍነዋል። አልሸፈነውም። የሬጌ አገር ሻሸመኔ የገባነው ቤዝ እየሰማን ነው። ቀጥሎ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ ከፈትኩ፤ ጣታቸውን አንስተው ዝም የሚሉባት ቦታ ላይ፣ ነዳጅ ስሰጥ እየቀጠነ የሚወጣ የዲናሞ ፉጨት ሰማሁ። እሱን ሳልፈታው ነው የመጣሁት፤ የሬዲዮውን መሬት ሽቦ ማየት አለብኝ።

ሀዋሳ ማታ፣ ሰው ከጠየቅን በኋላ፣ ሐይቁ ዳር መኪና ውስጥ ተቀመጥን። ጋሼ የዓለሙ አጋን በገና ጠየቁ። እዚህ ላይ ጨነቀኝ፣ ምክንያቱም በገና ራሱ ይነዝራል። ከአሥሩ ጅማቶች ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ናት ያንን ንዝረት የምታመጣው። ታዲያ የበገናውን ንዝረት ከበር መንቀጥቀጥ በምን ትለየዋለህ? ጋሼ መዳፋቸውን በሩ ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጫን አደረጉ፣ ለቀቁ፣ እንደገና ጫን አደረጉ።

"ወፍራሟ ጅማት ስትመታ ብቻ አንድ ሌላ ነገር አለ" አሉ። "ይሄ በገና አይደለም።"

በስልኬ መብራት የበሩን ኪስ ፈተሽኩ። ጠዋት ውሃ ስንገዛ የተመለሱልን ሦስት የብር ሳንቲሞች። አውጥቼ ኪሴ ከተትኳቸውና በገናውን ከመጀመሪያው አስጀመርኩላቸው።