በቃለ ጉባኤ ያልተያዙት ዓመታት

በአቃቂ የሚገኘውን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያችንን ታሪክ ለበዓል መጽሔት እንዳዘጋጅ ኃላፊነት ሲሰጠኝ በመጀመሪያ የጠየቅሁት የሽማግሌዎቹን የቃለ ጉባኤ መዝገብ ነበር። በአንዲት እናት ቤት፣ በዱቄት በርሜል ውስጥ ተደብቆ የተረፈ፣ ጠርዙን አይጥ የበላው መዝገብ ነው። የመጨረሻው ስብሰባ በ1974 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር የተካሄደ ሲሆን የተወሰነውም የተሰበሩ አግዳሚ ወንበሮች እንዲጠገኑ ነው፤ ቀጣዩ ገጽ በሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ ከ1984 ዓ.ም. ይጀምራል።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘግቶ ንብረቷን ወረሰ፤ ከመሪዎቿም አንዳንዶቹን ለዓመታት አሰረ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ የሌላዋ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን፣ የመካነ ኢየሱስ፣ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተገድለው ነበር። የጴንጤቆስጤዋ ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በንጉሡ ዘመን ምዝገባ ተከልክላ ብዙ አባሎቿ ታስረዋልና መከራው በደርግ የተጀመረ አልነበረም።

እኛ ያለንበት የአቃቂ አካባቢ በናዝሬት መንገድ ላይ ይገኛል። የፕሮቴስታንት ወገን የሆኑ ሜኖናውያን ሚስዮናውያን ከጣልያን ወረራ በኋላ በናዝሬት ሆስፒታል ከፍተው ስለነበር፣ በዚያ ወንጌል የሰሙ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ወደ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲመጡ እምነታቸውን ይዘው መጡ። የመጀመሪያዎቹ የጸሎት ሰዓቶች በፋብሪካው ፈረቃ የተወሰኑ ስለነበሩ፣ የሌሊት ተረኞች ከሥራ ወጥተው ሳይተኙ ይጸልዩ ነበር። (አንዳንዶቹ በጸሎት መካከል እያንቀላፉ እንደነበር የሚያወሱ አሉ፤ በመጽሔቱ ግን ይህ አልተካተተም።)

ስለ ተዘጋው ዘመን የነገሩኝ መዝገቡን የደበቁት እትዬ ናቸው። ከአምስት እስከ ሰባት ሰው ሆነው በየቤቱ ይሰበሰቡ ነበር። በተለያየ ሰዓት አንድ በአንድ ይገባሉ፤ ደጃፍ ላይ የተደረደረ ጫማ ስለሚያጋልጥ ጫማቸውን ወደ ውስጥ ያስገባሉ፤ ጀበና ተጥዶ ሲኒ ይቀርባል፤ መዝሙሩም በሹክሹክታ ይዘመራል። ወንዶቹ ሽማግሌዎች በቀበሌ በዓይን ስለሚጠበቁ ብዙውን ጊዜ የሚያስተምሩት፣ አዲስ አማኝ የሚያስከትሉትና ለታሰሩ ቤተሰቦች ስንቅ የሚያዘጋጁት ሴቶች ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ስትዘጋ በመላ አገሪቱ 5,000 ገደማ የነበሩት አባሎቿ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ 34,000 ያህል ሆነው የተገኙት እንዲህ ባሉ ቤቶች ነው። ሆኖም የእኛ የበዓል ንግግሮች ሁልጊዜ ወደ ሕንፃውና ወደ መጋቢዎቹ ያደላሉ።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ዳግም ከተከፈተች በኋላ ያለው ታሪክ በሰነድ የተሟላ ስለሆነ አጭር ነው፦ ድንኳን፣ ከዚያ የቆርቆሮ አዳራሽ፣ ከዚያ ብሎኬት። በቃለ ጉባኤው ከሕንፃው ይልቅ ደጋግሞ የሚነሣው የመቃብር ቦታ ጉዳይ ነው። ለረጅም ጊዜ ሬሳ ከአቃቂ እስከ ጉለሌ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ከተማውን አቋርጦ ይሄድ ነበር፤ የዕድር ጎረቤቶቻችን፣ አብዛኞቹ ኦርቶዶክሳውያን ሆነው ሳለ፣ ድንኳኑን ተክለው ያን ሁሉ መንገድ አብረውን ተጉዘዋል።

ረቂቁን ለእትዬ ሳነብላቸው በዝምታ ሰሙኝና፣ “ልጄ፣ ጎረቤቴን ረሳሃት” አሉኝ። ግድግዳ የምትጋራቸው የማርያም ማኅበርተኛ ሹክሹክታውን በየሳምንቱ ትሰማ ነበር። አንድ ቀን የአብዮት ጥበቃ መጥቶ እነዚህ ሰዎች ምን እያደረጉ ነው ብሎ ሲጠይቃት፣ “ቡና ነው የሚጠጡት፤ እኔም ልሄድ ነው” ብላ መለሰችለት፤ እውነትም ገብታ ሦስተኛውን ሲኒ እስኪጠጡ አብራቸው ተቀመጠች።

አንድ ሙሉ አንቀጽ ጽፌላት ከመጋቢዎቹ ዝርዝር በፊት አስገባሁት። ከአዘጋጅ ኮሚቴው አባላት ሁለቱ፣ የሌላ እምነት ተከታይ በአጥቢያችን ታሪክ ውስጥ ምን ቦታ አላት ሲሉ ጠይቀዋል። እትዬ ስብሰባው ላይ እንዲገኙ ጋብዣቸዋለሁ።