ቀኙ አልቆ ግራው አዲስ

ዛሬ ደስ ያላለኝ ነገር አለ። ምን እንደሆነ ብጠየቅ አላውቀውም። እንዲህ ሲያደርገኝ እጄ ሥራ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የጫማ መደርደሪያውን አፈረስኩት፣ የሚጣለውን ልጥል፣ የሚጠረገውን ልጠርግ። ከሁለተኛው ጥንድ አላለፍኩም።

ቡናማ ነው፣ ማሰሪያ የሌለው። ግራው ገና የሱቅ መልኩ አለ። ቀኙ ግን ከኋላ፣ ተረከዝ በሚያርፍበት በኩል፣ ቆዳው ተፍቆ የስፌቱ ክር ወጥቷል፤ ታኮውም በውጭ ጠርዙ ሰያፍ ተበልቷል። የእግረኛ ጫማ እንዲህ አያልቅም፤ እግረኛ ሁለቱንም ተቀራራቢ አድርጎ ነው የሚጨርሰው። ይሄ የሹፌር ጫማ ነው። ተረከዙ ወለል ላይ ተተክሎ፣ አፍንጫው ከነዳጅ ወደ ፍሬን፣ ከፍሬን ወደ ነዳጅ ሲዞር የኖረ።

ለመንዳት ጫማ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይሄን ታኮ ነው፤ ማንም አያየውም እንጂ። ቀኝ ተረከዝ ማጠፊያ ነው፣ በሩ አፍንጫው። ማጠፊያው ክብ ሲሆን በሩ በቀላሉ ይዞራል። ታኮው ከኋላ ስል ጠርዝ ካለው ግን በዚያች ጠርዝ ላይ ብቻ ይቆማል፤ ይንሸራተታል፣ ምንጣፉንም ይቦጭቃል። ረጅም ቀጭን ታኮ ሲሆን ጭራሽ ይብሳል፤ ምንጣፉ ውስጥ ይሰነቀራል፣ ተረከዙን ከፍ አድርጎ ጉልበትን ያነሳል፣ ፔዳሉ ምን ያህል እንደገባም ልኩ ይጠፋል።

ምቹ ጫማ ሲባል ሁሉም የሚያስበው የሚራመድበትን ነው፦ ወፍራም ሶል፣ የሚሰምጥ ስፖንጅ። መሪ ጨብጦ ለሚቀመጥ ሰው ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እግር ፔዳሉን የሚያውቀው በሶሉ በኩል ነው። ፍሪሲዮኑ የሚይዝበት ቦታ፣ ፍሬኑ መጠንከር የሚጀምርበት ቦታ፣ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) ሲሠራ የሚሰማው መርገብገብ፣ ሁሉም በዚያ ነው የሚመጣው። መሃል ላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ካለ መጀመሪያ የሚረገጠው ስፖንጁ ነው፣ ፔዳሉ ከዚያ በኋላ። የሩጫ ጫማ ለብሶ ማርሽ በገባ ቁጥር መኪናው የሚዘልበት ሰው ፍሪሲዮኑን ከመርገሙ በፊት ጫማውን ይቀይር። ከጣቶች ሥር ያለው ውፍረት ከ10 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ደህና ነው። እጅግ ከሳሳም አይሆንም፤ የፔዳሉ ጠርዝ ውስጥ እግርን ይቆርጣል፣ ሁለት ሰዓት ከተነዳ በኋላ ያቃጥላል።

በባዶ እግር መንዳት ይሻላል የሚሉ አሉ (ታናሼ፣ ላንተ ነው)። ለስሜቱ እውነት ነው፣ ችግሩ ጉልበቱ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የመኪና ፍሬን ደንብ ቁጥር 13-ኤች፣ የቤት መኪና ፍሬን ሲፈተሽ ፔዳሉ ላይ እስከ 500 ኒውተን ድረስ እንዲረገጥ ይፈቅዳል። በኪሎ ስናስበው ወደ 50 ኪሎ ግራም ክብደት ማለት ነው። በድንጋጤ ሰዓት ያንን ያህል ጫና በአንዲት ትንሽ የፔዳል ገጽ ላይ ለማሳረፍ እግር ትንሽ ጠጠር ያለ ነገር ይፈልጋል። ላብ ያለበት ባዶ እግር ደግሞ ይንሸራተታል። እና የወለቀው ጫማ የት ነው ያለው? በሹፌሩ እግር ሥር ከሆነ፣ ፍሬን ሲያዝ ተንከባሎ ፔዳሉ ሥር ይወሸቃል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ አይወርድም። ትርፍ ጫማ ቦታው ኋላ ነው፣ ወይም ከጎን ካለው ወንበር ፊት።

ነጠላ ጫማ ላይ ብዙ አልልም። ከኋላ የሚይዘው የለም፣ እግር ሲነሳ እሱ ይቀራል፣ ጠርዙ ፍሬኑ ሥር ይገባል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በግማሽ ሴኮንድ ከ8 ሜትር በላይ ይጓዛል። ያቺን ግማሽ ሴኮንድ እግር ነጠላ ጫማ ፍለጋ ሲዞርባት ማሰብ ነው።

ስፋትም አለ። ከስክስ ጫማ የሶሉ ጠርዝ ከቆዳው ወጣ ይላል፤ ለእርምጃ ጥሩ መቆሚያ ነው፣ ፔዳል ላይ ግን ነዳጁን ሲለቅ የፍሬኑን ጎን ከሥር ይይዛል፣ አለዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ይረግጣል። ቁርጭምጭሚትን ግጥም አድርጎ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ እግር ከቁርጭምጭሚት መታጠፉ ይቀርና ከጉልበት ይገፋል፤ ቀስ ብሎ ነዳጅ መስጠት የሚባል ነገር አይኖርም።

ሶሉ የሚይዝ ይሁን ሲባል ሰው የሚጣበቅ ጎማ ይገዛል። ይሄም ስህተት ነው። በጣም የሚይዝ ጎማ ከነዳጅ ወደ ፍሬን ሲዞር ምንጣፉ ላይ ይቀረቀራል። ለስላሳ የቆዳ ሶል በተቃራኒው፣ ዝናብ ከነካው ሳሙና ነው። የሚፈለገው መሃሉ ነው፦ ጎማ፣ ዝርዝር ጥርሱ የማይጎላ፣ ጠጠርና ጭቃ የማይዝ። ጭቃ ካለ ከመግባት በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ መሬት ላይ ማሸት፤ የፔዳሉ ጎማ አልቆ ብረት ካወጣ ግን ጥፋቱ የጫማው አይደለም፣ የፔዳሉ ጎማ ይቀየር።

ሱቅ ውስጥ ቆሞ መለካት ዋጋ የለውም። ይልቅ ወደ ማታ፣ እግር ትንሽ ካበጠ በኋላ፣ ሲነዳ በሚለበሰው ካልሲ ሄዶ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው። ተረከዝን ወለል ላይ ተክሎ አፍንጫውን ማንሳትና ማውረድ፣ ሃያ ጊዜ ያህል። ተረከዙ ከጫማው ወጣ ካለ ይቅር። ከዚያ ተረከዙ ሳይነሳ ግራ ቀኝ ማዞር። ጫማውን በእጅ ይዞ ሲታጠፍ መታጠፊያው ከጣቶች ሥር ይሁን፤ መሃሉ ላይ ከታጠፈ ረጅም መንገድ ላይ ውስጥ እግርን ያሳምማል። ከአውራ ጣት ፊት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይበቃል። ማሰሪያ ካለው ቋጠሮው ሲታሰር ረጅም ጆሮ አይኑረው፤ ፔዳል የሚይዘው ያንን ነው።

አዲሱን ጫማ አድርጎ ወዲያው መንዳትም ጣጣ አለው። ሶሉ ሲወፍር እግር የረዘመ ያህል ነው፣ ወንበሩ ልኩን ይስታል። ፍሪሲዮኑ እስከ ታች ተረግጦ ጉልበቱ ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት። ሞተር ከተነሳ በኋላ፣ ከመንቀሳቀስ በፊት፣ ፍሬኑን ሦስት አራት ጊዜ ረገጥ ረገጥ አድርጎ ማወቅ። የፊት ቅልጥም ላይ ድካም ከመጣ ብዙ ጊዜ ጫማው ከብዷል፣ ወይም እግር ነዳጁ ላይ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ተረከዙ አላረፈም ማለት ነው።

ጣሊያኖች ይሄን ቀድመው ገብቷቸዋል። ጂያኒ ሞስቲሌ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1963 ለመንዳት ብቻ የሚሆን ጫማ አወጣ፦ ስስ ቆዳ፣ ከሥሩ ጥቃቅን የጎማ ጉብታዎች። በዚህ ዓይነት ጫማ ጉብታዎቹ ከሥር ብቻ አይቀሩም፣ ተረከዙን ይዘው ወደ ኋላ ይወጣሉ፤ ቀኙ ከሚያልቅበት ቦታ ላይ ማለት ነው። አስፋልት ላይ ሲራመዱበት ግን ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ መኪና ውስጥ ተቀምጦ መቅረት ያለበት ጫማ ነው፣ እንደ አንዳንድ ሰው።

ፍሪሲዮን ያለው መኪና ግራውንም ያሳያል፤ ከጣቶች ሥር ሶሉ ለስልሶ ይገኛል። እዚህ ላይ ያስተዋለ ሰው ያዘኝ። የኔ ግራ ሶል ላይ የተጻፈው ቁጥር እንኳ ይነበባል፤ መኪናዬ አውቶማቲክ ነው፣ ፍሪሲዮን የለውም። ስለ ፍሪሲዮን ይሄን ሁሉ ያወራሁት እኔ ነኝ።

መደርደሪያው እንደፈረሰ ነው፣ ወለሉ ጫማ በጫማ ሆኗል፣ ከምን እንደከፋኝም ረስቼዋለሁ። ቀኙ ይጣላል፣ እሱስ ገባኝ። ግራው ግን ምን አጠፋ?