ኒናን የት ደበቃት?

ትናንት ማታ የአሜሪካዊውን ሰዓሊ የአል ሂርሽፌልድን ስራዎች ሳይ እንቅልፍ ነሳኝ። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1903 ሴንት ሉዊስ ተወልዶ ገና በወጣትነቱ ኒውዮርክ ውስጥ ለፊልም ስቱዲዮዎች ማስታወቂያ እየሳለ ነው እንጀራውን የጀመረው፣ ከዛ በኋላ ለኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የብሮድዌይ (የኒውዮርክ ትያትር ሰፈር) ተዋንያንን ካሪካቸር፣ ማለትም መልካቸውን አጋኖ የሚያሳይ ስዕል፣ ሲስል ኖረ። ጥቁር መስመር ብቻ! የሚሰራው ደሞ የፀጉር ቤት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነበር (እኔ በፕላስቲክ ወንበር ወገቤን እየጨረስኩ)። ልጁ ኒና በ1945 ስትወለድ ስሟን ፀጉርና የልብስ እጥፋት ውስጥ መደበቅ ጀመረ፣ ልተወው ቢል አንባቢው እምቢ አለ፣ በኋላማ ከአንድ በላይ ከደበቀ ከፊርማው ጎን ቁጥሩን ይጽፍልህ ነበር። እኔ 4 ከሚለው 3ቱን አገኘሁ፣ አራተኛዋ እስካሁን የለችም።